ፖሊስ እስኪደርስ እግሬ ውስጥ የቀረው

ሐኪም ፊት ቀርባችሁ «ባጭሩ ይንገሩኝ» ስትባሉ ባጭሩ እንዳትናገሩ። እኔ ባጭሩ ተናግሬ እግሬን ላጣ ነበር። የደረሰብኝን የምጽፈው ሌላው ሰው እንደኔ አፉን ዘግቶ እንዳይበሰብስ ብዬ ነው።

ዘይነባ እባላለሁ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው፤ ጽሕፈቴ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። የልጄን ልጅ ሐያትን የማሳድጋት እኔ ነኝ። እናቷ አረብ አገር ትሠራለች።

ነገሩ የጀመረው በመስኮት ነው። ሐያት ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን እያለቀሰች መጣችና «የክፍላችንን መስኮት ሰብረሻል ተብዬ ወላጅ አምጪ ተባልኩ» አለችኝ። «ሰብረሻል?» አልኳት። «አልሰበርኩም፣ ወላሂ!» አለች። ይህች ልጅ የቤቱን ስኳር በማንኪያ እየሰረቀች ትልሳለች፤ ስለ ስኳሩ ስጠይቃት መሬት መሬት ታያለች። ስለ መስኮቱ ስጠይቃት ግን ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በቃኝ። በማግስቱ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ባልሠራችው ስትከሰስ ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል።

የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ሰብለ ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቀጠን ያለች፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ መምጣቷ ነው፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ደርባለች። ዕረፍት አልቆ ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። እኔና እሷ ግቢው መሃል፣ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት ቆመን እንከራከራለን።

«እማማ ዘይነባ፣ ልጆቹ ሁሉ እሷ ናት ብለዋል» አለችኝ።

«ልጆቹ ሁሉ ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች ቢሉሽ በምዕራብ ልትጠብቂያት ነው?»

ሳቀች። «እርስዎን የተማሪዎች ጠበቃ አድርገን እንቅጠርዎት እንዴ?»

«ቅጠሩኝ። መጀመሪያ አንቺን ነው የምከስሽ።»

እየሳቀች ሳለ ነው የተኮሰው።

የተኮሰው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የነበረ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ እዚሁ ከተማ ያድጋሉ። ከሥራ አባረውታል፣ ጠመንጃውን መልስ ያለው ግን አልነበረም። ርእሰ መምህሩን ፍለጋ መጥቶ ቢያጣው ፊት ለፊቱ ያገኘን እኛን ነው። እኔን ጭኔን፣ እሷን ጎኗን መታን። ከዚያ ወደ ቢሮው ገባና በሩን ከፍቶ፣ አፈሙዙን ወደ ግቢው አዙሮ ተቀመጠ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ከየክፍሉ የልጆች ለቅሶ ይሰማ ነበር፤ ሐያትም ከዚያ ውስጥ ናት። ለቅሶዋን ከሌላው ለመለየት ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ፣ መለየት አቃተኝ።

ፖሊስ ጣቢያው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ባንዲራው ከወደቅኩበት ይታየኛል። እውነቱን ልናገር፤ ፖሊሶቹ ቶሎ መጡ። መጥተው ከግንቡ ውጭ ቆሙ። ወላጁም ግልብጥ ብሎ መጣ፤ የሚነጋገሩት ሁሉ በግንቡ ላይ እየተሻገረ ይደርሰን ነበር።

«ልጆቻችን ውስጥ ናቸው! ግቡ እንጂ!»

«ትእዛዝ እየጠበቅን ነው።»

«ከማን?»

«ኃላፊው ደሴ ግምገማ ላይ ናቸው። ስልካቸው ዝግ ነው።»

አንዲት ሴት ጮኸች፦ «እንግዲያው ጠመንጃውን ለኔ ስጠኝና አንተ ስልኩን ሞክር!»

የሳቀም ያለቀሰም ነበር። የገባ ግን የለም።

ሰብለ እየተሳበች አጠገቤ ደረሰች። ደሜን አየችና የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ቀደደችው፤ ጠቅልላ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቀችና በጡጫዋ ተጫነችው። ወንድ ቢሆን ኖሮ በጥፊ እለው ነበር፣ እንደዚያ አመመኝ።

«አብሽሩ እማማ። አይተኙብኝ፣ ያውሩኝ።»

«ያንቺስ?»

«የኔ ትንሽ ናት።»

ትንሽ አልነበረችም። በሌላ እጇ ጎኗን ይዛለች፤ በጣቶቿ መሃል ደሙ ይወርዳል። እንዳልተኛ ታወራኛለች፣ እኔም እንዳትተኛ አወራታለሁ። አንድ ጊዜ ድምፅዋ በጣም ቀጥኖ «መስኮቱን ትቼዋለሁ» አለችኝ።

«አልሰበረችም እኮ!»

«እሺ። አልሰበረችም።» ፈገግ አለች።

የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ሲሰማ ጡጫዋ ጭኔ ላይ ላላ። ስሟን ጠራኋት፣ አልመለሰችም። ሰውየው ጠመንጃውን ጥሎ፣ እጁን አንስቶ ወደ ግቢው በር የሄደው ከአዛኑ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ሰው «ፖሊስ ያዘው» ይላል። ራሱ ወጥቶ ነው የተያዘላቸው። እነሱ የገቡት ሬሳና ቁስለኛ ለማንሳት ነው።

መጀመሪያ እዚያው አቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ አስገቡኝ። ደም የጠገበውን ጨርቅ ከጭኔ ጎትተው አወጡ፣ በንጹሕ ፋሻ ጠቀለሉኝና ወደ ደሴ ላኩኝ። የሐረጎን ዳገት መጠምዘዣ አንድ በአንድ የቆጠረችው እግሬ ናት። ሆስፒታል ስንደርስ ያመጣኝ ፖሊስ ለሐኪሙ «እንደተመታች ወዲያው ነው ያነሣናት» ሲል ሰማሁ። ውሸት ነው ልል አፌን ስከፍት አልጋዬን ገፍተው ወሰዱኝ። ራጅ አነሡኝ። ጥይቱ ገብቶ ወጥቷል፣ አጥንት አልነካም ተባለ። አጥበው፣ ሰፍተው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቤት ሰደዱኝ። ሁሉም «አላህ አተረፈሽ» አለኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ።

ገና ከአልጋ ሳልነሣ የዘበኛው ቤተሰብ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ሸህ እንድሪስ አበጋር ናቸው፤ በኛ በወሎ ደም የተቃባውን፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሰው አበጋር ይባላል። የሰውየው ሽማግሌ አባት እግሬ ሥር ተንበርክኮ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እንዲህ ያለውን የወለድኩ እኔ ነኝ» አለ። ሚስቱ ልጆቿን በቀሚሷ ሸፍና ከበሩ አላለፈችም። እንግዲህ በዚያች ሴት ላይ ምን እላለሁ? ይቅር አልኩ። ፋቲሃ ተቀራ፣ ዱአ ተደረገ። በደንቡ ዱአ ያረፈበት ነገር ዳግም በአፍ አይነሣም። ያነሣው ሰው ዱአውን እንዳፈረሰ ነው፤ መዓቱም በራሱ ይመለሳል እንላለን። እኔም ያንን ቀን ዘጋሁት። ልጄ ከአረብ አገር ደውላ «እማዬ፣ እንዴት ነበር?» ስትለኝ እንኳ «አደጋ ነው፣ አለፈ» ነበር መልሴ።

ቁስሉም ከላይ ተዘጋ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጭኔ አብጦ፣ ግሎ ተነሣሁ። ትኩሳት መጣ። ያበጠው ፈነዳና መግል ወጣ፣ ቀለለኝ፣ ተዘጋ። ዳንኩ ስል እንደገና አበጠ። እንዲህ ሲከፈትና ሲዘጋ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ።

አንዱ ክሊኒክ «ስኳር ነው፣ ቁስል እንዳይድን የሚያደርግ» አለኝ። ተመረመርኩ፣ ስኳር የለብኝም። «ቢሆንም ይጠንቀቁ» ብሎ ስኳር ከለከለኝ። ሐያት በልቧ ደስ ሳይላት አልቀረም። ሌላው የአጥንት ቲቢ ነው ብሎ ሽንት የሚያቀላ ክኒን ሰጠኝ፤ ምግብ አስጠላኝ፣ ቀሚሴ እንደ ጆንያ ሰፋኝ። ሦስተኛው ፊቴን አይቶ «እማማ፣ ድንጋጤው ነው። ተኩስ የሰማ ሰው ሰውነቱ ያስባል» አለኝ። «ልጄ፣ ሐሳብ መግል ያወጣል?» አልኩት። ደጋን ከተማ ያለችው እህቴ ቅጠል ወቅጣ አመጣች፤ እሱንም አሰርኩት፣ ቆዳዬን ላጠው።

ልጄ ሙሐመድ ከኔ ጋር መጣላት ጀመረ። ሱቁን እየዘጋ ደሴ ያመላልሰኛል፣ ሚስቱ ታጉረመርማለች። ከደሴ ሐኪሞች አንዱ «ወደ አጥንት ከገባ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል» አለን። ቤት ስንደርስ ሙሐመድ «ይቆረጥና እንረፍ» አለኝ። እሱ ያለው ሰልችቶት ነው፤ እኔን ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም። ባንድ እግሬ ውኃ የምቀዳ፣ ባንድ እግሬ ለሶላት የምቆም እየመሰለኝ አነጋሁ። ሐያትም አጠገቤ አትተኛም ነበር። ከተኩሱ ቀን ወዲህ ድምፅ ስትሰማ ከጠረጴዛ ሥር የምትገባ ልጅ ሆናለች።

የሆስፒታሉን አግዳሚ ወንበር አውቀዋለሁ። ካርድ ክፍል ስትጠብቅ፣ ሐኪም ስትጠብቅ፣ ውጤት ስትጠብቅ ቀኑ ይመሻል። አንድ ቀን ከደሴ ዙሪያ ባሏን ይዛ የመጣች ጎመን ሻጭ እግሬን አየችና ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ከሥሩ አነጠፈችልኝ። ስትሄድም «ይቅርልሽ» ብላ ተወችልኝ። ያ ጆንያ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይበልጥ ጠቅሞኛል።

በመጨረሻ የገባሁበት ሐኪም ወጣት ነው፣ ለደሴ አዲስ። ጭኔን ተጫን ተጫን አድርጎ አየና ወንበሩን ሳበ።

«ምን ሆነው ነው እማማ?»

«አደጋ።»

«ምን ዓይነት?»

«ጥይት። ገብቶ ወጥቷል።»

«ከዚያስ? ከተመቱ በኋላ ምን ሆነ?»

ሙሐመድ ሊናገር ሲል በክርኔ ጎሸምኩት።

«ያ ነገር በዱአ ተዘግቷል» አልኩ።

አልሳቀብኝም። «እንግዲያው የዘጉትን ሰዎች ያስፈቅዱና ይምጡ» አለኝ። «ውስጥ የቀረ ነገር ያለ ይመስለኛል። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ግን ሥጋዎን ቆርጬ አልፈልግም።»

ከደሴ ወርጄ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ሸህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ዶሮዎቻቸውን እያበሉ አገኘኋቸው።

«ሸኽዬ፣ እኔ የታረቅኩት ከማን ጋር ነው?»

«ከዘበኛው ቤተሰብ ነዋ። ረሳሽው?»

«ከግንቡ ውጭ የቆሙት ሰዎች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል?»

«የለም።»

«ይቅር በይን ብለዋል?»

«ኸረ እነሱማ መች መጡ!»

«እንግዲያስ የሱ ጥይት በዱአው ተዘግቷል፤ መርሀባ። የነሱ መዘግየት ግን አልተዘጋም። ሳይጠይቁኝ ይቅር ያልኳቸው ከሆነ ይንገሩኝ።»

የቀረውን እህል ለዶሮዎቹ በተኑና እጃቸውን አራገፉ። «አንቺ ሴት፣ ቃዲ ሳትሆኚ መቅረትሽ በጀን። እኛ መንደሩ ይረጋጋ ብለን ቸኮልን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «የሰውየውን ስም አታንሺ። የጠበቅሽውን ጊዜ ግን ለሐኪሙም ተናገሪ፣ ለሕዝቡም ተናገሪ። እኔ አለሁበት።»

ለሐኪሙ ከመስኮቱ ጀምሬ ነገርኩት። ሰው በር ላይ እየተሰለፈ አላቋረጠኝም። ነጠላው ጋ ስደርስ እጁን አነሣ። «ቆይ! ጨርቅ ጠቅጥቃበት ነበር?»

«ያ እኮ ክሊኒኩ አውጥቶታል።»

«ሁሉንም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ጨርቅ በራጅ እንደማይታይ ያኔ ነው የሰማሁት። ብረትና አጥንት ይታያል፣ ጨርቅ ግን አይታይም። የተጠቀለለው ሲጎተት ቁራጩ ወደ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ሰውነት አይቀበለውም፤ መግል እየሠራ ይገፋዋል። እኔን ደሴ ላይ የተቀበሉኝ ሰዎች ያዩት ንጹሕ ፋሻ፣ የሰሙት «ወዲያው ነው ያነሣናት» የሚል ቃል ነው። ወዲያው የተነሣ ሰው ጭን ውስጥ ጨርቅ ማን ይፈልጋል?

ቀዶ ጥገናው ተሠራልኝ። ከማደንዘዣው ስነቃ ሐኪሙ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ቆሟል። ውስጡ አውራ ጣት የምታህል ጨርቅ። ጠቁራለች፣ ግን በአንድ ጠርዟ አረንጓዴው ይታያል።

«ስጠኝ» አልኩት።

ነርሷ ፊቷን አጨፈገገች። «ውይ እማማ፣ ይሄ ምን ያደርግልዎታል?»

«ምስክር ነው። ምስክር አይጣልም።»

ትኩሳቱ ያንን ሳምንት ተወኝ። ቁስሉ ከሥሩ እየሞላ መጣ። ዱላ ይዤ መቆም፣ ከዚያም መራመድ ጀመርኩ። እግሬ ያነክሳል፤ ግን የራሴ እግር ነው።

ከተማው በዚህ ሁሉ ጊዜ አልበረደም ነበር። ለቅሶ ቤትም፣ ባጃጅ ውስጥም የሚወራው ያው ነው፤ ለምን አልገቡም? በኋላ የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ተብሎ ሕዝቡ አዳራሽ ተጠራ። ወላጆቹ ያንን ጥያቄ ደጋግመው አነሡ። ከመድረኩ ያለው የፖሊስ ኃላፊ «የጸጥታ ኃይላችን በፍጥነት ደርሶ የከፋ ጉዳት እንዳይደርስ አድርጓል» አለ። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ዱላዬን አነሣሁ።

«እሺ እናት፣ ባጭሩ» አለ ሰብሳቢው።

«ባጭሩ ተናግሬ እግሬን ላጣ ነበር፤ ስለዚህ ትሰማኛለህ።»

ሄጄ ጠርሙሱን ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከውኃ ፕላስቲኮቹ መሃል አኖርኩት። ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«ይህቺን ጨርቅ ታያታለህ? አንዲት የቆሰለች ልጅ በጥርሷ የቀደደቻት ናት። እናንተ ግንብ ተደግፋችሁ ስልክ ስትሞክሩ ይህቺ እግሬ ውስጥ ገብታ ደሜን ያዘችልኝ። ከናንተ ቀድማ ደርሳለች። እኔ እስር አልጠይቅህም፣ ካሳ አልጠይቅህም። ዘገየን በል። አንዲት ቃል ናት።»

አዳራሹ ተነሣ። ያጨበጨበም፣ የጮኸም፣ ያለቀሰም ነበር። ኃላፊው ማይክራፎኑን ይዞ «በወቅቱ የነበረው የትእዛዝ ሰንሰለት…» ሲል ድምፁ አልተሰማም። ሰብሳቢው «አስተያየቱን ወስደናል» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ወዴት እንደወሰዱት አላውቅም። ኃላፊው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ አድጎ ነው የሚሉም አሉ።

እኔ ግን ያልጠበቅኩት ሌላ መጣ። ከስብሰባው በሁለተኛው ቀን የሰብለ እናት ወይዘሮ የሺ ቤቴ ገባች። ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አልተቀመጠችም።

«እህቴ፣ በአዳራሹ ያልሽው እውነት ነው? ልጄ ስትመታ ወዲያው አልሞተችም?»

«አልሞተችም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዙሁር አዛን።»

ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። «እኔም ከግንቡ ውጭ ነበርኩ» አለች። «ስጮህባቸው አንዱ ፖሊስ ‹እናት፣ ልጅሽ ወዲያው ነው ያረፈችው፣ አትድከሚ› አለኝ። አመንኩት። ዝም አልኩ። መሬት ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሞታለች ባይለኝ ኖሮ… ግንቡን በጥፍሬ እቆፍረው ነበር፤ ዝም አልልም ነበር።»

ልጇን ላጣች እናት ከሚያቃጥላት እውነትና ከሚያስተኛት ውሸት የቱን ብሰጣት ይሻል እንደነበር እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ብቻ አንዴ ወጥቷል።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ልጄ ምን አለች?» አለችኝ።

«‹መስኮቱን ትቼዋለሁ› አለችኝ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። የሐያትን ክስ፣ ክርክራችንን፣ ጠበቃ እናድርግዎት ማለቷን ነገርኳት። ወይዘሮ የሺ ሳታስበው ሳቀች፤ «እሷ ናት፣ እንዲያ ናት» አለች፤ ሳቁ በመሃል ለቅሶ ሆነባት። ጠርሙሱን አውጥቼ ሰጠኋት። ከሬሳው ጋር የተመለሰላት የልጇ ነጠላ ጫፉ ተቀድዶ ማን እንደቀደደው ስታስብ ነው የከረመችው።

ያኔ ሐያት ከጓዳ ወጣች። ስንነጋገር ከጓዳው ጠረጴዛ ሥር ነበረች። ወይዘሮ የሺ ፊት ቆመችና መሬት መሬቱን እያየች፣

«መስኮቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ዱላዬ ከእጄ ወደቀ። ወይዘሮ የሺ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት፣ ፀጉሯን ዳሰሰች።

«ታውቃለች ልጄ። አውቃ ነው የተወችው።»

እግሬ አሁን ደህና ነው፤ ሲበርድ ብቻ ይጠዘጥዘኛል። ፖሊስ ጣቢያው ፊት ሳልፍ ቀስ ብዬ ነው የማልፈው፤ «ዘገየን» ሊለኝ የሚጠራኝ ካለ እንዲደርስብኝ። ከዘበኛው ሽማግሌ አባት በቀር ስለዚያ ቀን «እኔ ነኝ» ሲል የሰማሁት ሰው እስካሁን ሐያት ብቻ ናት።